የእናቴን ዳንቴሎች ምን ላድርጋቸው?

አንዲት አንባቢ እንዲህ ስትል ጠይቃኛለች፦

«ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። ቤቷን ስናጸዳ ቁም ሳጥኗ ውስጥ አንድ ሻንጣ ሙሉ ዳንቴል አገኘን። ስቆጥረው 38 ሆነ። የሶፋ፣ የቡፌ፣ የቴሌቪዥን፣ የኮመዲኖ፣ አንድ ትልቅ የአልጋ ልብስም አለበት። ገሚሱ ቢጫ ሆኗል። አንዱ መሀሉ ላይ ተበጥሷል። አንዱ ደግሞ አላለቀም፤ ኪሮሹ እስካሁን እንደተሰካበት ነው። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ያለኝ ግራጫ ኤል ሼፕ ሶፋና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቲቪ ነው። ባለቤቴ ‹ቤቱን የድሮ ቤት አታስመስይው› ይላል። እህቴ እንሽጠው ትላለች። እኔ ልጥላቸውም ልሸጣቸውም አልቻልኩም። ለመሆኑ ዳንቴል ዛሬም ቤት ያሳምራል? ወይስ የያዘኝ ናፍቆት ብቻ ነው? እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር። አንቺንም ያጽናሽ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ናፍቆት ብቻ አይደለም። ናፍቆት አለበት፣ መኖሩም ደግ ነው። ግን ዳንቴል ያለ ትዝታም በራሱ ያምራል። እኔ መጋረጃ ስሰፋ፣ የሶፋ ልብስ ስቆርጥ፣ የሰው ሳሎን ሳሰናዳ 26 ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ «ዳንቴል እኮ አበቃለት» ሲባል ስንቴ ሰማሁ። ባለ አበባ ቬሉቶ ሶፋ መጥቶ ሄደ። እጥፍ በእጥፍ የሆነ ወርቃማ መጋረጃ መጥቶ ሄደ። ዎልፔፐሩም እየተላጠ ነው። ዳንቴል ግን ሻንጣ ውስጥ ይገባል እንጂ አይጠፋም። ሳሎናቸውን እንዳለ ከቀየሩ በኋላ «አንዲት ነገር ብቻ ትቅርልኝ» ብለው የእናታቸውን ወይም የአያታቸውን ዳንቴል ያወጡ ብዙ ደንበኞች አሉኝ።

ለምን እንደዚህ እንደሚቆይ ብዙ አስቤበታለሁ። የደረስኩበት ነገር ቀላል ነው። የዳንቴል ውበቱ ቀዳዳው ላይ ነው። ሌላ ጨርቅ የራሱን ቀለምና ሥዕል ይዞ ይመጣል። ቀለሙ ሲሰለች ጨርቁም ይሰለቻል። ዳንቴል ግን ገሚሱ ባዶ ነው። በባዶው በኩል የምታዪው ከሥሩ ወይም ከኋላው ያለውን ነገር ነው። ጥቁር እንጨት ላይ ስታነጥፊው ሥዕሉ ፍንትው ብሎ ይወጣል። ነጭ ፎርማይካ ላይ ስታነጥፊው ድምጡ ይጠፋል። መስኮት ላይ ስትሰቅዪው ብርሃኑን ይፈትለዋል። ቤቱ ሲቀየር እሱም አብሮ ይቀየራል ማለት ነው። ነጠላን አስቢው። ያው ነጠላ በነጭ ቀሚስ ላይ ሌላ ነው፣ በጥቁር ሹራብ ላይ ሌላ ነው።

ይህን አንድ ነገር ከያዝሽ፣ ሠላሳ ስምንቱንም የት እንደምታደርጊያቸው ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ነገሩ ከጥንቱም እንዲሁ ነው። ዳንቴል የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። «ትናንሽ ጥርስ» ማለት ነው፣ ዳሩ ላይ ያሉትን ሹል ሹል ጫፎች አይተው ነው ያሉት። አውሮፓ ውስጥ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቬኒስ አካባቢ የነበሩ ጠላፊዎች መጀመሪያ ላይ ጨርቁን እየቆረጡ ቀዳዳውን በክር ያስጌጡ ነበር። እየቆዩ ሲሄዱ ጨርቁን ጭራሽ ተዉት። ክሩን ብቻ በመርፌ እያያያዙ መሥራት ጀመሩ። ስሙንም «ፑንቶ ኢን አርያ» አሉት፣ በአየር ላይ የተሰፋ እንደማለት። ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅም። በዚያው ዘመን ፍላንደርስ በሚባለው፣ በዛሬው ቤልጅየም አካባቢ፣ ብዙ ክር ትንንሽ እንጨት ላይ ጠቅልለው እያጠላለፉ የሚሠሩትን ሌላ ዓይነት አመጡ።

ድካሙ የሚያስደነግጥ ነው። አላንሶን የምትባል የፈረንሳይ ከተማ በመርፌ የሚሠራ ዳንቴል አላት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የመዘገበው ሥራ ነው። ከዚያ ዳንቴል አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ለመሥራት 7 ሰዓት ይፈጃል። አሁን የቡና ሲኒሽን የምታስቀምጪበትን፣ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ጨርቅ አስቢ። 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። 700 ሰዓት ማለት ነው። በቀን 8 ሰዓት የምትሠራ ሴት ሦስት ወር ገደማ ትቀመጥበታለች። ለዚህ ነው ያኔ ዳንቴል ይበልጡን የነገሥታት፣ የመኳንንትና የሀብታሞች አንገትና እጅጌ ላይ ይታይ የነበረው።

ወደ ተራው ሰው ቤት ያወረደው ማሽን ነው። ጆን ሂዝኮት የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1809 የዳንቴል መደብ የሚሆነውን መረብ የሚሠራ ማሽን አስመዘገበ። በ1816 የፋብሪካ ሥራ ያስቆጣቸው ሰዎች ሌሊት ገብተው ማሽኖቹን ሰባበሩበት፣ እሱም ከተማ ቀይሮ ሥራውን ቀጠለ። በ1846 ደግሞ ኖቲንግሃም ውስጥ የዳንቴል መጋረጃ የሚሠራ ማሽን ተፈለሰፈ። ከዚያ በኋላ ዳንቴል በሜትር የሚሸጥ ነገር ሆነ። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ ወዲህ የሆነው ነው። ውድ ስለሆነ ብቻ የሚወደድ ነገር ሲረክስ ይናቃል። ዳንቴል ግን ሲረክስ ጊዜ ሰው ሁሉ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ሰው የወደደው ዋጋውን ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

የእናትሽ ሥራ ዘር ግን ከሌላ ወገን ነው። በኪሮሽ የሚሠራው ዳንቴል በአውሮፓ በጣም የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድ ውስጥ ድንቹ በበሽታ ሲበላሽ ብዙ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። መነኮሳት ሴቶችን ይህን ሥራ አስተማሯቸው። ከመርፌው ይልቅ በጣም ይፈጥናል፤ መሣሪያው አንድ ኪሮሽና ክር ብቻ ነው፤ ማንም ቤት ውስጥ፣ ልጅ እያጫወተ ይሠራዋል። ብዙ ቤተሰብ በዚያ ክር ጫፍ ቆየ። ይህን የምነግርሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ሻንጣው ውስጥ ያለው ነገር የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ መስሎ እንዳይታይሽ ነው። በኛም አገር ዳንቴል ሠርታ፣ ሸጣ ልጅ ያስተማረች እናት ብዙ ናት።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። አንድ ነገር ላይ እውነት አለው፣ ግን ምክንያቱን በደንብ ማየት ያስፈልጋል።

የድሮ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ሥራ ነበረው። አውሮፓ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወንዶች ፀጉራቸውን ማካሳር በሚባል ዘይት ይቀቡ ነበር። ዘይቱ የወንበሩን መደገፊያ ያበላሽ ስለነበር ሴቶቹ መደገፊያው ላይ ዳንቴል አደረጉ። እንግሊዞች ስሙን ሳይቀር «ጸረ ማካሳር» ብለውታል። እኛ ደግሞ ቅቤ እንቀባለን። እናቶቻችን የሶፋው ራስጌ ላይ ዳንቴል የሚያደርጉት አንድም ለዚህ ነበር። ቬሉቶ እንደልብ አይታጠብም፣ ዳንቴሉ ግን ቅዳሜ ታጥቦ እሑድ ይመለሳል። ቡፌው እንዳይጫር፣ ፍሪጁ ላይ አቧራ እንዳይተኛ፣ ስልኩ እንዳይቆሽሽ፣ ሁሉም የየራሱ ልብስ ነበረው። ቴሌቪዥኑማ ትልቅ ሳጥን ስለሆነ አናቱ ራሱ ጠረጴዛ ነበር። የዳንቴሉ ሹል ጫፍ መሀል ለመሀል ወደ መስታወቱ ይወርዳል፣ ከላይ የአበባ ማስቀመጫ ይቀመጣል።

የዛሬው ቲቪ አናት የለውም። ሶፋሽ ልብሱ ወልቆ የሚታጠብ ይሆናል። ዳንቴሉ የቆመበት ቦታ ነው የጠፋው። ዳንቴሉን አሁን አምጥተሽ ያ ግራጫ ሶፋ ላይ ብታለብሺው ቀኑን ሙሉ ይንሸራተታል። ሰው ተቀምጦ በተነሳ ቁጥር ታስተካክያለሽ። ሻካራ ጨርቅ ላይ ሥዕሉም አይወጣም። በዚህ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ። ሶፋውን ተዪው።

ሌላው የድሮ ልማድ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማውጣት ነው። ሠላሳ ስምንት ዳንቴል በአንድ ቤት ሲነጠፍ ዓይን ማረፊያ ያጣል። በአንድ ክፍል አንድ ይበቃል። ከዚያ በየጊዜው ቀያይሪ። እናቶቻችን ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ የተለየ ያወጡ አልነበር? ያንን ልማድ መልሺው። የአዲስ ዓመት ዳንቴል፣ የፋሲካ ዳንቴል ይኑርሽ። ልጆች ካሉሽ ዳንቴሉ ሲወጣ በዓል መድረሱን ያውቃሉ።

ታዲያ የት ይሁን? ዳንቴል የሚፈልገው ወይ ጥቁር መደብ ነው፣ ወይ ከኋላው ብርሃን። ከሁለት አንዱ ከሌለ አታውጪው።

የአልጋ ልብሱን እጅግ እወድልሻለሁ። ነጭ አንሶላ ላይ አታንጥፊው። ከሥሩ ደመቅ ያለ አንድ ወጥ ቀለም ይኑር፣ ጥልቅ ሰማያዊ ወይም የወይን ጠጅ። ያኔ እያንዳንዱ አበባ ተለይቶ ይታያል። አንሶላውን ስትቀይሪ መኝታ ቤቱ የተቀየረ ይመስላል። ግድግዳ ላይ ልስቀለው እንዳትዪ ብቻ። በኪሮሽ የተሠራ ትልቅ ነገር ከባድ ነው፣ ሲንጠለጠል በራሱ ክብደት እየተለጠጠ ቅርጹን ያጣል።

ትንንሾቹን ክብ ክቦች ጥቁር ወይም ቡናማ እንጨት ላይ አድርጊያቸው። ኮመዲኖ ላይ ከመብራቱ ሥር፣ መጻሕፍት ካሉሽ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ሹሉ ወደ ታች ወርዶ። ጠረጴዛሽ ላይ የሚነጠፈው ከጠረጴዛው በጣም ያነሰ ይሁን፣ እንጨቱ ዙሪያውን እንደ ፍሬም ይታይ። ብዙ ሰው ዳንቴሉን ከመስታወት ሥር ያደርገዋል። ጥሩ ነው፣ ግን ቡና ወይም ውሃ ጠብ ሲል በጎን ይገባና ይሻግታል። መስታወቱ አራቱ ማዕዘን ላይ በትንንሽ የጎማ ማረፊያ ከፍ ይበል። በሳምንት አንዴም አንሺና አናፍሺው።

ለዳቦም ይሆናል። ትኩስ ድፎ ዳቦ በላስቲክ ሲሸፈን ያልበዋል። ጥቅጥቅ ያለ ዳንቴል ግን እንፋሎቱን ያሳልፋል፣ መልኩም ያምራል። ዳራቸው ላይ ዶቃ የተንጠለጠለባቸው ትንንሾች ካገኘሽ የጆግና የወተት መሸፈኛ ናቸው፣ ዶቃው ነፋስ እንዳያነሳቸው ነው።

አሁን ወደ መስኮቱ። ኮንዶሚኒየም ስላልሽኝ ነው። የፊት ለፊቱ ብሎክ ሰው ሳሎንሽን ያያል፣ አንቺም የእሱን። የኖቲንግሃም መጋረጃ የተሸጠው በዚሁ ምክንያት ነበር። ቤቶቹ መንገድ ዳር፣ ፊት ለፊት ተፋጠው የቆሙ ነበሩ። ሰው ብርሃኑን ፈለገ፣ ዓይኑን ግን አልፈለገም። ዳንቴል ቀን ቀን ይህን ይሠራልሻል። ውጭው ከውስጡ ስለሚበራ አንቺ ታያለሽ፣ አትታይም። ማታ መብራት ስታበሪ ይገለበጣል፣ ስለዚህ ወፍራም መጋረጃ ከኋላ ይኑር። ለኩሽና መስኮት ግማሹን ብቻ የሚሸፍን አጭር መጋረጃ ይበቃል። ግን ለዚህ የእናትሽን አትጠቀሚ። ፀሐይ ጥጥን ቀስ በቀስ ትበላዋለች፣ የኩሽና ጭስና ቅባትም አለ። ለመስኮት ከገበያ በሜትር የሚሸጥ የጥጥ ሌስ ግዢ። የእናትሽን ቀጥተኛ ፀሐይ ከማይደርስበት አኑሪው።

ከሁሉም የምወደውን ልንገርሽ። ከመካከላቸው አንዱን፣ ሥራው ረቂቅ የሆነውን፣ ምረጪና ፍሬም አስገቢው። ብዙ ሰው ዳንቴሉን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ያስገባዋል፣ ያኔ የታተመ ወረቀት ይመስላል። አንቺ ጥልቀት ያለው ፍሬም አሠሪ። ከኋላ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ የጥጥ ጨርቅ ይወጠር። ዳንቴሉ ከጨርቁ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ፣ በጥቂት ቀጭን ስፌት ይያዝ። ኮላ እንዳታስነኪው። ካርቶንና ጥሬ እንጨትም በቀጥታ አይንካው፣ ከእነሱ የሚወጣው አሲድ ነው ክሩን የሚያቢጨው። ከዚያ መብራቱ በጎን በኩል ይምጣ። የዳንቴሉ ጥላ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ሁለት ዳንቴል ታያለሽ፣ አንዱ ከክር፣ አንዱ ከጥላ። ባለቤትሽን አስቀምጪና አሳዪው። ከቲቪው ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ብቻ ስቀዪ። ከዚያ በኋላ «የድሮ ቤት» ይላል ብዬ አላምንም።

ስለ ቢጫው አትጨነቂ። አብዛኛው ይለቃል። እዚህ ላይ ግን ረጋ ማለት ያስፈልጋል። እኔ የዋጋዬን ከፍያለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአያቴን ዳንቴል በረኪና ውስጥ ዘፍዝፌ አደርኩ። ጠዋት እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ደስ ብሎኝ ጨመቅ ሳደርገው እጄ ላይ እንደ እርጥብ ወረቀት ተበጣጠሰ። ዛሬም ድረስ ሳስበው ሆዴ ይባባል። በረኪና ክሩን ይበላል፤ ያልበላውንም ቆይቶ መልሶ ያቢጨዋል። የዝገት ነጥብ ካለ ደግሞ ይባስ ያጸናዋል። ከቤት አውጪው።

መጀመሪያ ለይ። የተበጠሰውን ሳትሰፊ አታጥቢ፣ ውሃ ውስጥ ይተረተራል። ዳሩ ባለ ቀለም ክር ከሆነ እርጥብ ነጭ ጥጥ ጫን አድርገሽ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ እዪ። የሚለቅ ከሆነ ብቻውን፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ቶሎ ይታጠብ። ከዚያ ነጮቹን ሰፊ ሳፋ ውስጥ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ብቻ ዘፍዝፊ። ሳሙና ገና ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ውሃው ሻይ መስሎ ታገኚዋለሽ። ያ የዓመታት አቧራ፣ የድሮ ስታርችና ያረጀ ክር የሚያወጣው ነገር ነው። ድፊው፣ ሌላ ቅጂ። ውሃው እስኪጠራ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ መላልሺው። ብዙ ጊዜ ግማሹ ቢጫ እዚሁ ያልቃል።

ቀጥሎ ለስለስ ያለ ፈሳሽ ሳሙና። ኃይለኛውን ኦሞ ተዪው። አትሺው፣ አትጭመቂው። በመዳፍሽ ጫን ለቀቅ አድርጊው። ውሃው በቀዳዳው ሲገባና ሲወጣ ራሱ ያጥበዋል። አሁንም ቢጫ ከቀረ ክሎሪን የሌለው፣ ሶዲየም ፐርካርቦኔት ያለበት የልብስ ማንጫ ለብ ባለ ውሃ በደንብ አሟሟተሽ ጥቂት ሰዓት ዘፍዝፊ። ይህ ግን ጠንካራ ለሆኑት ብቻ ነው። ክሩን በጥፍርሽ ስትነኪው የሚላቀቅ ከሆነ በውሃና በለስላሳ ሳሙና አብቂ። ለዝገት ነጥብ የሎሚ ጭማቂ ይሠራል። ነጥቡ ላይ ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ይለቅለቅ።

አለቅላለቁ ላይ አትቸኩዪ። ውስጡ የቀረ ሳሙና ካውያ ሲነካው ቢጫ ይሆናል። ስትጨርሺ ገመድ ላይ አትስቀዪው፣ እርጥብ ጥጥ ከባድ ነው፣ ይለጠጣል። ነጭ ፎጣ ላይ ዘርጊውና ፎጣውን ጠቅልለሽ ውሃውን አስመጥጪ። ከዚያ ደረቅ ፎጣ ላይ ቅርጹን በጣትሽ እያስተካከልሽ፣ ሹል ጫፎቹን አንድ በአንድ በማይዝግ ስፒል ያዢያቸው። በዚህ መልክ የደረቀ ዳንቴል ካውያ እንኳ ላያስፈልገው ይችላል። ካስፈለገው በጀርባው በኩል፣ ወፍራም ፎጣ ላይ ተኩሺው፣ አበባው እንዳይጨፈለቅ።

አንዳንዱ ምንም ብታደርጊ ክሬም ሆኖ ይቀራል። ምናልባት ክሩ ከመጀመሪያውም ክሬም ነበር። ተዪው። ጥቁር እንጨት ላይ ክሬም ከነጭ ይልቅ ይሞቃል።

እናትሽ እንደ ብዙዎቹ በስኳር ውሃ አድርቃው ሊሆን ይችላል። በተለይ የቆሙትን፣ ቅርጫትና አበባ የሚመስሉትን። ስኳር ጉንዳን ይጠራል፣ ካውያ ሲነካው ይቃጠላል። ስለዚህ አሁን በደንብ ይውጣለት። ማድረቅ ከፈለግሽ በቀጭኑ ስታርች አድርጊ፣ እሱንም ልታወጪው ስትይ ብቻ። ስታርች ያለበትን ዳንቴል ስታስቀምጪ ስታርቹን የሚበሉ ትንንሽ ነፍሳት ይመጡበታል። ናፍታሊን አያስፈልግሽም። ብል የሚበላው ሱፍና ሐር ነው፣ ጥጥ አይነካም።

ስታስቀምጪ አትጠፊው። እጥፉ ላይ ነው ክሩ መጀመሪያ የሚሰበረው። ካርቶን ጥቅል ፈልጊ፣ የታጠበ አሮጌ አንሶላ ወይም ነጠላ ጠቅልዪበት፣ ዳንቴሉን በላዩ ጠቅልዪ። በላስቲክ አታሽጊ። ከእያንዳንዱ ጋር ትንሽ የጥጥ ቅዳጅ በአንድ ስፌት አያይዢና ማን እንደሠራው፣ ለየትኛው ቤት እንደተሠራ በእርሳስ ጻፊ። እስክሪብቶ ይፈስሳል። አክስቶችሽ ካሉ አሁን ጠይቂያቸው፣ የትኛው የማን እጅ እንደሆነ ገና ያስታውሳሉ።

ስለ መሸጥ ብዙ አልልም። ገበያ ላይ የሚሰጡሽ ዋጋ የክሩን ቢከፍል ነው፣ ሰዓቱን ማንም አይከፍልሽም። ግን ሁሉም የእናትሽ እጅ ላይሆን ይችላል። ተገዝተው የገቡ ይኖራሉ። ከጫፍ ትንሽ ክር ወስደሽ አቃጥዪ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ጠጠር የመሰለ ነገር ይተዋል። የእጅ ሥራ ሲሆን ደግሞ አበባዎቹ ፍጹም አንድ አይሆኑም፣ አንዷ ላላ፣ አንዷ ጠበቅ ትላለች። የማሽኑን እህትሽ ብትሸጠው አይቆጭም። የእጁን ሥራ ግን አብራችሁ ዘርጉትና መጀመሪያ እሷ ትምረጥ። «እንሽጠው» ያለችው ገና አንድ በአንድ ስላላየችው ይሆናል።

የተበጠሰው ቀላል ነው። በዚያው ዓይነት ውፍረት ያለው የጥጥ ክር ፈልጊ። መጀመሪያ የተከፈቱትን ዙር ዙሮች በሙሉ በቀጭን ክር ያዢያቸው፣ ከዚህ በላይ እንዳይተረተር። ከዚያ ኪሮሽ የምትችል ሴት ታስጨርስሻለች። በጣም አዲስ ነጭ ክር ይታወቅበታል፣ ደብዛዛ ሻይ ውስጥ ትንሽ ነክሮ ማድረቅ ይረዳል።

ያላለቀው ቀርቷል። ለመጨረሻ ያቆየሁት ከባድ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ኪሮሹን ቀስ ብለሽ አውጪው። ብረት ከሆነ ቆይቶ ይዝጋል፣ ዝገቱም ክሩ ላይ ይገባል። ከማውጣትሽ በፊት ግን የቆመችበትን ዙር በሌላ ቀለም ክር አስገብተሽ ላላ አድርገሽ ቋጥሪው። እንደዚያ ካላደረግሽ ሲጎተት ይፈታል። ኪሮሹን በጨርቅ ጠቅልለሽ ከጎኑ አስቀምጪ።

ሌላ ሰው አስጨርሺ ብለው የሚመክሩሽ ይኖራሉ። እኔ አልመክርሽም። የእያንዳንዱ ሰው እጅ ክር አያያዙ የተለያየ ነው። ሌላ እጅ ሲገባ መስመሩ ላይ በግልጽ ይታያል። እንዳለ ፍሬም ማስገባትም ይቻላል፣ የክሩ ኳስ ከታች ተቀምጦ። አንቺ ራስሽ ኪሮሽ ተምረሽ መቀጠል ከፈለግሽ ግን ይህ ሌላ ነው። መጀመሪያ በሌላ ክር ተለማመጂ፣ እጅሽ እስኪረጋ። ከዚያ እሷ የቆመችበት ላይ ያሰርሽውን ባለ ቀለም ክር ሳታወጪ ቀጥዪ። የት ላይ እንደተቀባበላችሁ ይታይ።